የቅዳሜ መኪና፣ የሰኞ መኪና

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያም ይሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ደጅዎ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች ባለ ሁለት ወንበር መኪና ካቆሙ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ አስተያየቱን ሳይሰጥ አያልፍም። «የወንደላጤ መኪና ናት» የሚል አለ። «በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራ ነበር» የሚልም አለ። ይበሉ፤ መብታቸው ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ከጎኗ ስለምትቆመው ስለ ሌላኛዋ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ ስለማያያት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለምትለፋው፣ አስቤዛውን፣ ልጁን፣ አማቱን ስለምትሸከመው።

የስፖርት መኪና ከአንድ ቤት ስትወጣ ብዙ ጊዜ ባለቤቷ ጠልቷት አይደለም። አጠገቧ ያለችው የዕለት መኪና ሥራዋን ስላልቻለች፣ የቤቱ ጭቅጭቅ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ያርፋል። ልጅ ሲወለድ፣ እናት ከአገር ቤት ስትመጣ፣ በረዶ ሲጥል «እሷ ትሸጥ» የሚለው ቃል ከአንዱ አፍ ይወጣል። ስለዚህ መኪና ሻጭ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ሁለት መንገድ አብረን እንሂድ፤ አንዱን ቅዳሜ፣ አንዱን ሰኞ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሱ። እሑድ ቅዳሴ ስላለ ቅዳሜ ይሻላል። በዚያ ሰዓት 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ባዶ ነው። ወደ ምዕራብ ይዘውት ይሂዱና ጌንስቪል ላይ ወጥተው በ29 ቁጥር መንገድ ወደ ዋረንተን፣ ከዚያም በ211 ወደ ስፔሪቪል ያቅኑ። የገበያ አዳራሾቹና አንድ ዓይነት ቤቶቹ ከዋረንተን በኋላ ይቀንሳሉ። የፈረስ እርባታ፣ የድርቆሽ ክምር፣ የወይን ማሳ ይመጣል። ስፔሪቪል ትንሽ መንደር ናት፤ ዙሪያዋ የፖም አገር ነው። ከመንደሯ ወጣ እንዳሉ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምርና ቶርንተን ጋፕ ወደሚባለው በር ያወጣዎታል። እዚህ ላይ ማርሽ ሁለተኛና ሦስተኛ መካከል ሲመላለስ፣ መሪው በእጅዎ ውስጥ ሲናገር፣ ያቺን መኪና ለምን እንደገዟት ማንም ሊያስረዳዎ አይገባም።

በሩ ላይ የመግቢያ ይከፍላሉ፤ ከዚያ የስካይላይን ድራይቭ መንገድ ይጀምራል። ይህ መንገድ ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል በብሉ ሪጅ ተራራ ጀርባ ላይ ይሄዳል። ሥራው የተጀመረው በ1931 ነው፤ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው ደግሞ በ1935። በዚያ የችግር ዘመን መንግሥት የቀጠራቸው ሥራ አጥ ወጣቶች የድንጋይ አጥሩንና መመልከቻ ቦታዎቹን አበጁ። ፓርኩ ሲከለል ከተራራው ላይ የተነሡ ገበሬ ቤተሰቦችም ነበሩ፤ ውበቱን ሲያዩ ይህንንም ቢያስታውሱ አይከፋም። ከቶርንተን ጋፕ ወደ ደቡብ እንደታጠፉ የሜሪስ ሮክ ዋሻ ይቀበልዎታል፤ ወደ 200 ሜትር ገደማ ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። የደብረ ሲናን መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ጣርማ በርን ማንሳቱ አይቀርም። ከፍታውን ግን አያወዳድሩ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ስካይላንድ አጠገብ 3,680 ጫማ ነው፤ 1,120 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል ብቻ ነው፤ በኪሎ ሜትር 56። ምክንያትም አለው። አጋዘኑ ከጫካው ዘው ብሎ ይወጣል፤ ድቡም አንዳንዴ። ባለ 500 የፈረስ ጉልበት መኪና ይዞ የመጣ ሰው እዚህ እንደታሰረ በሬ ሲቁነጠነጥ ያዩታል። ጣሪያዋን የከፈተች ማዝዳ ሚያታ ግን በዚያው ፍጥነት ትስቃለች። ይህች መኪና በ1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ከታየች ጀምሮ ቀላል፣ ትንሽና ባለ ሁለት ወንበር ሆና ቆይታለች፤ የአሁኗ ክብደት ከ1 ቶን ብዙም አይበልጥም። የስፖርት መኪና ደስታ ከክብደት ማነስ፣ ከመሪው ምላሽ፣ ከወንበሩ ለመሬት መቅረብ የሚመጣ ነው። ፍጥነት ከእነዚህ በኋላ የሚቆጠር ነው።

ፍጥነቱን ልሞክረው ካሉ ደግሞ ቨርጂኒያ ቀልድ አታውቅም። ከተፈቀደው 20 ማይል አልፈው የተገኙ ወይም በየትኛውም መንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ የነዱ እንደሆነ ተራ ቅጣት አይደለም፤ ግዴለሽ አነዳድ ተብሎ የወንጀል ክስ ይሆናል፣ እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ራዳር የሚጠቁመውን መሣሪያ መኪና ውስጥ መጠቀምም ክልክል ነው። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። አንዷን ፈጣን መኪና እንኳ በሙሉ አቅሟ የሚነዱበት ቦታ በሌለበት አገር፣ ሁለተኛዋን ደግሞ ፈጣን አድርጎ መግዛት ምን ይሉታል?

ሰኞ ይምጣ። ከቤት የሚወጡት በዚያው በ12 ሰዓት ነው እንበል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። 395 ወደ ፔንታገን አቅጣጫ ቆሟል። 495፣ ሁላችንም ቤልትዌይ የምንለው፣ ከቆመ ቆይቷል። ማኑዋል ማርሽ ከሆነች የግራ እግርዎ ፍሪሲዮን ላይ እየወጣ እየወረደ ይውላል። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ፊትዎ የሚያየው የጭነት መኪና ጎማ ነው። ቅዳሜ ያስደሰተዎት ጠንካራ ሞላ ሰኞ እያንዳንዱን የአስፋልት ስንጥቅ ለወገብዎ ያደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ የሚያስፈልግዎ ከፍ ያለ ወንበር፣ አውቶማቲክ ማርሽና ዝምታ ነው።

ነዳጁም አለ። ሃይብሪድ መኪና በዚህ ሁኔታ ላይ የሚያደርገውን ይመልከቱ፤ ፍሬን ሲይዙ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ስንዝር ስንዝር ሲሄድ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር ይንቀሳቀሳል። መጨናነቁ ለሌላው ኪሳራ ሲሆን ለእሱ ያን ያህል አይከብደውም። በከተማችን ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ለምን ካምሪ ሃይብሪድና ሲየና ላይ እንደሚበዙ መጠየቅ አያስፈልግም። መኪና በእንጀራ የሚመዝን ሰው ከማንኛውም የመኪና መጽሔት የተሻለ ምስክር ነው ባይ ነኝ። ቶዮታ ሲየና ከ2021 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጠው በሃይብሪድ ብቻ ነው፤ ካምሪም ከ2025 ጀምሮ እንዲሁ። ሲየና ያንን ሁሉ ሰውና ዕቃ ይዞ በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል።

ሌላም የዚህ አካባቢ ነገር አለ። 66 ከቤልትዌይ ወደ ውስጥ ባለው ክፍሉ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያስከፍላል፤ በ395 ፈጣን መስመሮችም ሊገቡ ካሉ ክፍያ አለ። ሦስት ሰው የያዘ መኪና ግን ኢዚፓስ ፍሌክስ ካለው በነፃ ያልፋል። ሦስት ሰው ለመያዝ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ወንበር ያስፈልጋል። ለዚህ ተብሎ በሰሜን ቨርጂኒያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆየ ልማድ አለ፤ «ስለጊንግ» ይሉታል። የማይተዋወቁ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ብቻውን የሚሄድ ሾፌር መጥቶ ሁለቱን ይጭንና በነፃው መስመር ፔንታገን ድረስ ያደርሳቸዋል። ማንም ለማንም አይከፍልም። አራት በር ያላት አሮጌ ኮሮላ እዚህ ሰልፍ ላይ ከማንኛውም ኮርቬት ትከበራለች።

ይህ ሁሉ ግን የአንድ ሰው ኑሮ ነው። እውነተኛው ፈተና ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እናትዎ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ይመጣሉ፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ለጎረቤት የተላከው ነጠላ፣ ማን እንደላከው የማይታወቅ አንድ ፌስታል። የሚያታ ዕቃ መጫኛ 130 ሊትር ነው፤ ከእነዚህ ሻንጣዎች አንዱን እንኳ ሙሉውን አያስገባም። ፖርሽ 911 ከኋላ ሁለት ወንበር አላት፤ እነሱ ግን ለልጅ እንጂ ለእናት የሚሆኑ አይደሉም። ሻንጣው እንኳ በሌላ መንገድ ቢላክ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ወዳለ ወንበር ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ማውጣቱ ሌላ። ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ሲጨመርበትማ አይነሳ።

ልጅ ካለዎት ሕጉም ይናገራል። በቨርጂኒያ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ በልጅ መቀመጫ መቀመጥ አለበት። ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ የሚታሰር ሕፃን ቦታው የኋላ ወንበር ነው፤ መኪናዋ የኋላ ወንበር ከሌላት የፊተኛው ኤርባግ ካልጠፋ አይፈቀድም። ሁለት ልጅ ካለዎት ሒሳቡ እዚያው ያልቃል። የልጁን መቀመጫ ሲያስሩ ወገብዎን ሳያጎብጡ መሥራት መቻልዎ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚሰማዎት ነገር ነው። የሚኒቫን ተንሸራታች በር በጠባብ ማቆሚያ ውስጥ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ደግሞ ሦስት ልጅ ያለውን ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሳበው ወደ መካከለኛዋ ነው። «አንድም ቤተሰብ ትይዛለች፣ አንድም ትሮጣለች» እየተባለች የምትሸጠዋ ሰፊ ጎማ ያላት፣ ሞላዋ የጠጠረ፣ ፕሪሚየም ነዳጅ የምትጠጣው ጂፕ መሰል መኪና። ስፖርት መኪና ለሌለው ሰው ትርጉም ልትሰጥ ትችላለች። ለእርስዎ ግን አትሰጥም። ቅዳሜ ከትንሿ ጋር ስትወዳደር ከባድና ድንዙዝ ናት፤ ሰኞ ከካምሪ ጋር ስትወዳደር ውድና የማትመች ናት። ቤትዎ ደስታውን የምትሰጥ መኪና እስካለች ድረስ ሁለተኛዋ ደስታ የመስጠት ዕዳ የለባትም። ይህ ነፃነት ነው፤ ይጠቀሙበት። ቀለሟ አሰልቺ ይሁን፤ ወንበሯ ወተት ቢፈስበት በጨርቅ የሚጠረግ ይሁን። የእንጀራ እሽግ፣ የድግስ ድስት፣ የእግር ኳስ ጫማ ከነጭቃው ይግባባት።

በዋጋ ረገድ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቨርጂኒያ የሚኖሩ ከሆነ ካውንቲው ወይም ከተማው በእያንዳንዱ መኪና ላይ በየዓመቱ በግምት ዋጋው ልክ ግብር ይጠይቅዎታል፤ መኪናዋን ነዷትም ቆመችም። ሜሪላንድ ያለው ወንድምዎ ይህን ዓመታዊ ግብር አይከፍልም። ስለዚህ ፖቶማክን ተሻግሮ የሚመጣን የ«ይኼ ያዋጣል» ምክር በጥንቃቄ ይስሙ። ሁለተኛዋ ጥቂት ዓመት ያገለገለች ብትሆን በየዓመቱ ይቀልልዎታል።

ክረምቱም የሁለተኛዋ ነው። ስፖርት መኪኖች ብዙውን ጊዜ የሚጫሙት የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየጠነከረ መንገድ መያዙን ይቀንሳል። ከዚያ መንገዱ ላይ ጨው ይነሰነሳል፤ ጨው ብረት ይበላል። ያኔ ስካይላይን ድራይቭም በረዶ ሲጥል ይዘጋል። ትንሿ ጣሪያ ያለው ቦታና ባትሪዋን የሚጠብቅላት መሰኪያ ካገኘች ትተኛ። አፓርታማዎ አንድ የተሸፈነ ማቆሚያ ብቻ ካለው ለእሷ ይስጡት፤ የዕለቷ መኪና ደጅ ማደር መቻል አለባት፣ በረዶ ተጠርጎላት በማለዳ መነሳት አለባት። በጥር ወር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው የሚሞቅ ወንበርንና የሚሞቅ መሪን እንደ ቅንጦት ባይቆጥራቸው አልፈርድበትም።

ለመግዛት ሲሄዱ ብቻዎን አይሂዱ። ባለቤትዎን፣ ልጆቹን፣ የልጁን መቀመጫ፣ ጋሪውን፣ እናትዎ እዚህ ካሉም እናትዎን ይዘው ይሂዱ። ሁለት ትልልቅ ባዶ ሻንጣም ይጫኑ። ሻጩ ይገረም። መቀመጫውን እዚያው ያስሩት፣ ሻንጣውን ያስገቡት፣ እናትዎ ያለ ረዳት ይውጡና ይግቡ። መንዳቱ በመጨረሻ ይምጣ፤ እሱንም ባዶ ጎዳና ላይ ሳይሆን ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ቤልትዌይ ገብተው ይሞክሩት።

የፓርኩን የዓመት መግቢያ ካርድ ከገዙ ደግሞ የሚፈረምበት በሰው ስም ስለሆነ ለሁለቱም መኪና ይሠራል። በጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ያን ጊዜ ትንሿን ቤት ይተዋትና ሁሉንም በትልቋ ይጫኗቸው። ማይል 51 ላይ ቢግ ሜዶውስ የሚባል ሰፊ መስክ አለ። ቡናውን በፔርሙዝ፣ ዳቦውን በመሶብ ይዘው እዚያ ይቁሙ። አጋዘኖቹ ሲመሽ ለመጋጥ ወደ መስኩ ይወጣሉ፤ ልጆቹ ከተንሸራታቹ በር ሆነው ያዩዋቸዋል፣ እናትዎም ከፊት ወንበር ሳይነሱ።