የቮልሷ ወገብ

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስን የማያውቅ የለም፤ ያልተሳፈረባት ቢገኝ እንኳ አንድ ቀን ያልገፋት አይገኝም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተሳፈሩት በእሷ ነበር። በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ የመጨረሻዋ ስትወጣ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ የሆነው ዘሯ ተቋጨ። የእኛይቱ ግን ይህን ወሬ አልሰማችም።

የእኛይቱ የምላችሁ አባቴ ትቶልን ያለፈው የ1964 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት። እናቴ «እሷን የሸጠ እኔን ሸጠ» ስለምትል የመሸጥ ነገር ቤታችን ውስጥ አይነሣም። ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ሁለት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስባታል፤ እኔ ደግሞ እናቴን ሐኪም ቤት እወስድባታለሁ። ችግሩ የኋላዋ መጉበጡ ነው። ሰው ሲሞላባት ጭስ ማውጫዋ የፍጥነት መቀነሻውን ጉብታ ሁሉ ይልሳል። ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጭ እናቴ «ወይኔ ወገቤ!» ስትል፣ የማን ወገብ እንደተጎዳ ግራ ይገባኛል።

ነገሩን ላስረዳ። ቮልስ እንደ ብዙዎቹ መኪናዎች በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ አልተቀመጠችም። ከኋላ በአግድም በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ለየጎማው አንድ አንድ የብረት ዘንግ አለ። ዘንጉ በአንድ ጫፉ ቱቦው መሐል ላይ ተቀርቅሯል፤ በሌላው ጫፉ ጎማውን የያዘውን ክንድ ጨብጧል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ክንዱ ይነሣል፣ ዘንጉም እንደሚጨመቅ ነጠላ ይጠመዘዝና መልሶ ይፍታታል። ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1931 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት ዘዴ ነው። ስልሳ ዓመት ሲጠመዘዝ የኖረ ብረት ግን እንደ ሰው ይደክመዋል፤ ይጠመዘዛል፣ አመላለሱ ላይ ይለግማል።

እዚህ ላይ ጀርመኖቹን ሳላደንቅ አላልፍም። ዘንጉ በመሐል በኩል 40፣ በዳር በኩል 44 ጥርስ አለው። ለምን እኩል አላደረጉትም? በመሐል አንድ ጥርስ ማለፍ 9 ዲግሪ ነው፤ በዳር ደግሞ 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ግድም። አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ አንድ አንድ ጥርስ ብታሳልፉ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ያንሳል። በዚህች ቅንጣት የመኪናዋን ቁመት በሚሊሜትር ማስተካከል ይቻላል። ጥበቡ ይሄ ሆኖ ሳለ መከራው ሌላ ነው። አንድ ጥርስ ለማለፍ ጎማ ይወልቃል፣ ክዳን ይፈታል፣ የታፈነው ክንድ በክሪክ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ካመለጠ እግር ይሰብራል። ተገጥሞ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ካለም እንደገና «ሀ» ማለት ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገን በቁልፍ ብቻ ከፍና ዝቅ የሚል ክንድ ነበር። በውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል፤ ዋጋው፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሲደመር ግን ለእኛ ቤት የሚቀመስ አልሆነም። ወንድሜ አንድ በያጅ ዘንድ ሄዶ መፍትሔ ይዞ መጣ፤ «ከጭነት መኪና ባሌስትራ ወፍራም ክንድ ይቆርጥልናል፣ በዚያውም አንድ ስንዝር ከፍ እናደርጋታለን» አለ። ጉድጓድ ለበዛበት መንገድ ከፍታ በረከት ይመስላል።

እኔ አንድ ሽማግሌ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። አሮጌውን ክንድ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን አጎበጡት፤ እንደ ምላጭ ተለመጠ።

«ይህ ቀጭን የሆነው ብረት ጠፍቶ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ምክንያቱን ይንገሩኝ።»

«ጎማው ሲነሣና ሲወርድ አክስሉ ማርሽ ሳጥኑ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚወዛወዘው፤ ጎማው ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ይዘማል። ክንዱ አብሮት ወደ ጎን መለመጥ አለበት። ወፍራም ብታደርጊው ይታገለዋል። ሲታገል ከርሞ የሆነ ቀን አንዱ ይሰነጠቃል።»

የስንዝሩንም ነገር ከዚሁ ጋር ጣሉት። በአሮጌዎቹ ቮልሶች የኋላው ቁመት ከልክ በላይ ሲነሣ የጎማዎቹ ግርጌ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። እንዲህ ሆና ከእንጦጦ ቁልቁል በፍጥነት ስትጠመዘዝ የውጪው ጎማ ከሥሯ ሊታጠፍ፣ እሷም ልትገለበጥ ትችላለች። ራልፍ ናደር የተባለው አሜሪካዊ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ለዚሁ ዓይነት አክስል ነበር፤ የከሰሳት መኪና የሼቭሮሌዋ ኮርቬር ብትሆንም። ለወንድሜ ይህንን ስነግረው «አሜሪካኖቹ እኮ ይበራሉ፣ እኛ እንሳባለን» አለኝ። ልጆቹ ከኋላ እንደሚቀመጡ አስታወስኩት፤ ዝም አለ።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከሞተች ቮልስ የተፈታ ሌላ ጥንድ ክንድ ገዛን፤ ከእሱ የተፈለገው ጥርስ ያለው እንብርቱ ብቻ ነበር። ሽማግሌው እንብርቱን ቆርጠው በቶርኖ ዙሪያውን አለሰለሱት። የእኛን ክንድ ደግሞ አፉን አስፍተው እንብርቱ ላይ እንዲዞር አደረጉት። ከእንብርቱ አንድ ጆሮ ወጣ፤ በጆሮው ውስጥ የሚያልፈው ቡሎን ክንዱን ይገፋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ መኪናዋ ትነሣለች፣ ሲላላ ትወርዳለች። ምላጩን በብየዳ አልነኩትም፤ የሞላ ብረት በብየዳ እሳት ተመትቶ ቶሎ ከቀዘቀዘ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። ጆሮውን ሲበይዱም እንብርቱን አስቀድመው አሙቀው፣ ሲጨርሱ ቀስ ብሎ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ቀበሩት። ድንች የሚጠብሱ ነበር የሚመስሉት።

ቡሎኑን የማምጣት ዕዳ የኔ ነበር። ራሱ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር የታተመበት ካልሆነ እንዳላመጣ አስጠነቀቁኝ፤ ቁጥሩ የጥንካሬው ደረጃ ነው። ሶማሌ ተራን ከዳር እዳር ዞርኩት። የሚያብረቀርቅ ሞልቷል፤ ቁጥር ያለው ግን ስንት ሱቅ ካዳረስኩ በኋላ ነው የተገኘው። አንዱ ነጋዴ «እህቴ፣ ቡሎን ልትገዢ ነው ወይስ ልታነቢ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን የኋላዋ ሁለት ጣት ያህል ተነሥቷል፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ጭስ ማውጫው ጉብታ መላሱን ትቷል። ዳዶዎቹ ላይ ነጭ ቀለም አስምሬባቸዋለሁ፤ መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው፤ እሑድ እሑድ ተንበርክኬ አያለሁ። ጎረቤቶች የምጸልይ ይመስላቸዋል።

ወንድሜ ግን አላረፈም። የኋላው ከተነሣ ወዲህ አፍንጫዋ የተደፋች መስላ ታየችው፤ የፊቱም ይሠራ ይላል። የፊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከፊት ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸው የተደራረቡ ቀጫጭን ብረቶች መሐላቸው ላይ በአንዲት ቡሎን ተይዘዋል። እንደ ልብ ከፍ ዝቅ ለማድረግ ቱቦዎቹን መሐል ለመሐል ቆርጦ፣ ማስተካከያ አስገብቶ መበየድ ያስፈልጋል። የመሪው ሳጥን የታሰረውም በላይኛው ቱቦ ላይ ነው። ሽማግሌውን ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ከኋላ ያ ቡሎን ቢበጠስ ቂጧ ይወድቃል፣ ትቆሚያለሽ። ከፊት ብየዳው ቢለቅ መሪውን የያዘው ማን ነው? እኔ ይህን አልቆርጥም፣ የኔ ልጅ። ሌላ ሰው ይቆርጥልሻል።»

ወንድሜ ያ በያጅ ለቅዳሜ ቀጥሮታል። የመኪናዋ ቁልፍ ለጊዜው እናቴ መቀነት ውስጥ ነው።