ዝናብ የጠረባቸው ተራሮቻችን

ስለ ተራራ አፈጣጠር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የሂማሊያን ታሪክ ነው። የህንድ ምድር ከእስያ ጋር ተጋጨ፣ መካከል ላይ የነበረው መሬት ተጨማዶ ሽቅብ ወጣ። እውነት ነው። የስሜን ተራሮች ግን የተፈጠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ ይህንን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቀት የተነሳ ትኩስ ዓለት አካባቢያችንን ከሥር ወደ ላይ ገፋው። መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም ቅልጥ ዓለት እየወጣ ሜዳውን አለበሰው። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ፣ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተነባበረ። አንዳንድ ቦታ ክምሩ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በስሜን ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ተጨመረ።

የቀረውን የሠሩት ዝናብና ወንዝ ናቸው። ተከዜና ገባሮቹ ደጋውን እየቦረቦሩ ገደሉን አወጡት። 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን ከዚያ ክምር የተረፈ ነው። ጠንካራው ዓለት አናት ላይ ጸንቶ ዙሪያው ሲናድ ደግሞ አምባ ይሆናል፤ አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ምሽጋቸው ያደረጉት መቅደላም እንዲህ ያለ አምባ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ከተማ የምትጓዙ ወደ አባይ ስትወርዱ የመንገዱን ዳር ልብ በሉ። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ዝቅ ሲል የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ዛሬ ደጋ የምንለው አገር አንድ ዘመን ባሕር ነበር።

ያ ጥቁር ድንጋይ በረጅም ዘመን ሲፈራርስ ጤፋችንን የሚያበቅለው አፈር ሆነ። ተራራውን የጠረበው ዝናብ ግን ዛሬም አላረፈም፤ ዛፍና ሣር የሌለበት ተዳፋት ካገኘ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። የኮንሶ ሰዎች መፍትሔውን ከጥንት ያውቁታል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የእርከን ሥራቸው ምስክር ነው።

ስለዚህ ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ሁሉ፣ ክረምት ሳይገባ ደውሉና ስለ እርከኑ ጠይቁ። የፈረሰ ካለ ለመጠገኛው አግዙ። አንዴ በጎርፍ የሄደ አፈር በእኛ ዕድሜ አይተካም።