ዘጠኝ ጉድጓድ

ጎልፍ ተጫዋች ነኝ ብል ትስቃላችሁ። ሳቁ። ጫማው አፉን የከፈተ የሱሉልታ ልጅ፣ ያውም የቋንቋ ተማሪ፣ ከጎልፍ ጋር ምን አገናኘው? እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ለፈተና ላነብ ገብቼ፣ ስለ ስፖርት የሚያወራ አሮጌ መጽሐፍ ገለጥኩና እዚያው ቀረሁ። ሙሉው የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ ለመጨረስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ኪስም ይጠይቃል። አጭር ሜዳ ግን አለ። «ኤግዚኪዩቲቭ» ይሉታል፤ ሥራ የበዛበት ኃላፊ ቶሎ ተጫውቶ ወደ ቢሮው እንዲመለስ ነው። አብዛኛው ጉድጓድ በሦስት ምት ያልቃል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ደግሞስ 18 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ መሰላችሁ? በስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ፣ አንዱ ዙር 22 ጉድጓድ ነበር፤ ወደ 18 ያሳጠሩት በ1764 እ.ኤ.አ. ነው። ለካ ጌቶቹም ያሳጥራሉ!

በዚያው ዓመት ለገና እንጦጦን ተሻግሬ ቤት ስገባ ለአብሮ አደጎቼ አወራኋቸው። ሣሩ ታጭዶ ሜዳው ተላጭቷል። ሩር የምንመታበት፣ ጫፉ ቆልመም ያለው የገና ዱላ በየቤቱ አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ይምጣ? ዘጠኝ የዱቄት ወተት ጣሳ መሬት ውስጥ ቀበርን። (በወተት አገር የዱቄት ወተት ጣሳ ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ።) ኳሳችን ያረጀ የቴኒስ ኳስ ነበር። ፈረንጅ አሸዋ ቆፍሮ እንቅፋት ያበጃል፤ ለእኛ ላሞቹ ያበጁልናል። ኳስህ እበት ላይ ካረፈ እዚያው ትመታለህ፤ በገና ጨዋታ ኩርፊያ የለም። ዘጠኙን በአንድ ሰዓት ጨርሰን ከብት እናስገባለን። እኛም እኮ ሥራ የበዛብን ኃላፊዎች ነበርን።

በዓመቱ ስመለስ ሰባት ሆነዋል። ሁለቱን ጣሳዎች የቆርቆሮ አጥር ውጧቸዋል። ቀጥሎ አምስት ሆኑ። አራተኛው ጉድጓድ የነበረው በእኛው መሬት ላይ ነው። አባዬ ካሳውን ተቀብሎ ፈረመ። በገንዘቡ ጣሪያችን ታደሰ፤ አሁን አልጋዬ ሥር ያለው ሻንጣም የተገዛው በዚያው ነው። ስለዚህ አጥሩን ልረግም ስል አፌ ይያዛል።

ይህን ዶርም ውስጥ ሳወራ የቡራዩና የሰበታ ልጆች አልሳቁም። የቡራዩው ልጅ ኳስ የለመደበት ሜዳ ላይ ፎቅ በቅሎበታል፤ የሰበታው የገና ሜዳ መጋዘን ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ እኛ ግን ሜዳ በማጣት ቀድመን አንድ ሆነናል።

ባለፈው ገና በቀሩት አምስት ጣሳዎች ስንጫወት አባዬ መጥቶ ቆሞ አየን። ከዚያ ዱላዬን ተቀበለኝ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ፣ በወጣትነቱ ሩር ይመታ እንደነበረው፣ ከጉልበቱ መታው። ኳሱ ጣሳውን ሁሉ አልፎ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ድሮ አራተኛው ጉድጓድ ከነበረበት ወደቀ።

አባዬ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ገባ አይደል?» አለ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ገብቷል ጋሼ» አሉት። ቆጠሩለት።