ጉማራ ላይ መዝገብ የያዘ ማን አለ?

አርብ ገበያ ቁጭ ብሎ ስለ ዓሣ ማውራት ያስቃል፤ ዐውቃለሁ። ታች ጋይንትን በእህሉና በከብቱ እንጂ በዓሣው የሚያውቀው የለም። ውሃችንም ቢሆን ከጣና ጋር አይተዋወቅም፤ ቁልቁል ተንደርድሮ በሽሎ ይገባል፣ በሽሎም ለዓባይ ያስረክበዋል። ቢሆንም ጉና ጎረቤታችን ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ይህ ተራራ ውሃውን ለሁለት ወገን ያካፍላል፤ በወዲህ የዘነበው ወደኛ ቆላ ይወርዳል፣ በወዲያ የዘነበው በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል። ከእስቴም መሬት ጥቂት የማይባለው የሚገብረው ለጉማራ ነው። እንግዲህ አቦሉ እስኪወርድ የማወጋችሁ ስለዚያ ውሃ ዓሣ፣ ይልቁንም ዓሣውን ስለሚቆጥሩት ሰዎች ነው።

ዓሣ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ የሚል አይጠፋም። ይቆጠራል። ባሕር ያላቸው አገሮች መርከቡ ወደብ ሲገባ ስንት ኪሎ እንዳመጣ፣ የት እንዳጠመደ፣ መረቡ ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንደዋለ ጽፈው ያስቀምጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየአገሩ የዓሣ ምርት የተመዘገበበት ቁጥር አለው። ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ ዐይቶ መቁጠር ስለማይቻል ነው። የሚታየው የወጣው ብቻ ነው፤ ከወጣው ተነሥቶ የቀረውን መገመት ግድ ይላል። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህን ጣጣ የጋይንት ሰው ሳይማር ያውቀዋል። ዝናብ በቀረበት ዓመት የከብት ተራውን ያየ ይመስክር። የእርሻ በሬው፣ የወለደችው ላም፣ ጊደሯ ሳትቀር ወጥታ ገበያው መላወሻ ያጣል። አገር የማያውቅ ቆጣሪ ከዚያ ቢቆም «ይህ አገር ከብት ሞልቶታል» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። የሞላው ግን ገበያው ነው፤ በረቱ ባዶውን እየቀረ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወዲህ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለቅድመ ማስጠንቀቂያ ብሎ የገበያ ዋጋ ሲከታተል የኖረውም ስለዚህ ነው። የከብቱ ዋጋ ወርዶ የእህሉ ከወጣ ነገር አለ። ብዛቱን ብቻ የቆጠረ ሰው ጥጋብ ሆኖ ይታየዋል።

ይህን ባለማስተዋል ጉድ የሆነው ደግሞ ድሃ አገር አይደለም። ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ የምትባል ደሴት አለች፤ ኮድ በሚባል ዓሣ 500 ዓመት ያህል የኖረች። ከጊዜ በኋላ ታላላቅ መርከቦች መጡና ዓሣውን በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ከገባበት እየገቡ ያወጡት ጀመር። ዓሣው ሲመናመን የተረፈው አንድ ቦታ ይከማቻል፤ መርከቦቹም የተከማቸበትን ያውቃሉ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ መርከቡ በሰዓት የሚያወጣው አልቀነሰም። ባለሙያዎቹ ያን ቁጥር ይዘው ክምችቱ ደኅና ነው አሉ። በትንንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን የሚያጠምዱት ሰዎች «ኧረ ዓሣው አነሰ፣ የሚመጣውም ደቃቃ ሆነ» ብለው ቢጮኹ ሰሚ አጡ። ሐምሌ 1992 እ.ኤ.አ. ላይ መንግሥት ማጥመዱን ዘጋው። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ባንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት አልፎም ዓሣው የድሮው አልሆነም። ልብ በሉ፣ መዝገብ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው መዝገቡ ከየት ቦታ እንደተጻፈ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ጣና። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ሐይቁ ላይ የሚጠመደው ከሞላ ጎደል በደንገል ታንኳ ነበር፤ ታንኳውን አሳምረው የሚያውቁበት ወይጦዎች ናቸው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ግብርና ሚኒስቴርና ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድስ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ በጎ አድራጊ ድርጅት ተባብረው የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገቡ። በ1987 በሞተር ጀልባ የተገኘው 39 ቶን ዓሣ ነበር። በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ዘጠኝ እጥፍ! እንዲህ ያለ ሪፖርት በየትኛውም ስብሰባ ቢነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ አቅራቢውም ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ዐሥር እጥፍ ብሎ ይቀመጣል።

ደግነቱ ሌላ ነገርም ይጻፍ ነበር። ስንት ቶን ከሚለው ጎን ስንት ጀልባ ወጣ፣ አንዱ ጀልባ በአንድ ጉዞ ስንት ኪሎ አመጣ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ቀረሶ፣ ስንቱ አምባዛ፣ ስንቱ ነጭ ዓሣ ነው የሚለው ተይዟል። ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሌዎ ናግልከርክና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ ከእኛም እነ ዶክተር ተስፋዬ ውድነህና ዶክተር እሸቴ ደጀን ባሕር ዳር ላይ በዓሣው ብዙ የለፉ ሰዎች ናቸው። ናግልከርክና ሲቢንግ ነጭ ዓሣ ተብሎ በጅምላ የሚሸጠውን እያገላበጡ፣ አፉን፣ ራሱን፣ ሆድ ዕቃውን እየለኩ ቢያዩት 15 ዓይነት ሆኖ አገኙት። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋው ጥርስ ለሌለው ለዚህ ዘር እንግዳ ጠባይ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ላይ ተመሳሳይ ወገን ነበር፤ እሱ አልቋል። እንግዲህ ይህን የመሰለ የዓሣ ቤተሰብ ሳይበተን የቀረው ጣና ውስጥ ነው። መሸጫው ላይ ግን አንድ ስምና አንድ ዋጋ አለው፤ መዝገቡም ላይ አንድ ዓምድ ይበቃዋል። ከ15ቱ አንዱ ነገ ቢጠፋ በዚያ ዓምድ ውስጥ ማን ያውቅለታል?

ያም ሆኖ ያ ጅምላ ዓምድ እንኳ ጩኸት አሰምቷል። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ሦስት አራተኛ ያህል ጠፍቷል። ገና ያላደጉት ደቃቆቹማ ከዚያም በላይ አሽቆልቁለዋል። ጠቅላላው ቶን ግን እስከ 1997 ድረስ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ቀረሶው የዚያን ያህል አልተናጋም። ልዩነቱ የመጣው ከመራቢያቸው ነው። ቀረሶ እዚያው ሐይቁ ዳር ይራባል። ከነጭ ዓሣው ግን ቢያንስ ሰባቱ ዓይነት ክረምት ሲገባ እየተንጋጉ ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ ጠጠር የተነጠፈበት ፈጣንና ንጹሕ ውሃ ካላገኙ እንቁላላቸውን አይጥሉም። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጉማራ አፍ፣ በርብ አፍ፣ በግልገል ዓባይ አፍ ይከማቻሉ። መረብ የያዘ ሰው ይህን ሳያውቅ ይቀራል? ያን ሰሞን የጣለው መረብ ጢም ብሎ ይወጣል። በነሐሴ ባሕር ዳር ቆሞ ኪሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው ከከብት ተራው ቆጣሪ በምን ይሻላል?

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ላንሣ፤ ከወንበር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጀልባው ሲደርስ ዓሣው እዚያው ዳርቻው ላይ ይታረዳል። ቅርፊቱ ይፈገፈጋል፣ ሥጋው በሁለት ቢላ ምት ከአጥንቱ ይላቀቅና ፊሌቶ ይሆናል፤ ራስና አጥንቱ ለወፍ ነው። መዝጋቢው አንድ አፍታ ከዘገየ የሚያገኘው ፊሌቶ ብቻ ነው። ከፊሌቶ ላይ ርዝመቱ ስንት ነበር፣ ሴት ነበረች ወይ፣ እንቁላል ይዛ ነበር ወይ፣ ከ15ቱስ የትኛዋ ናት የሚለውን ማንበብ አይቻልም። ከቢላው የቀደመ ብቻ ነው የሚለካው። ለዚያውም ፈቃድ ሲያገኝ ነው። አስጋሪው ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ግብር ነው፤ 80 ኪሎውን 50 ቢል ማን ይፈርድበታል? ማታ በማታ ዓይኑ በጠበበ፣ በተከለከለ መረብ የወጣውማ መቼም ሚዛን ፊት አይቀርብም። ጾሙም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ በሁዳዴ የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰሞን ምርት ቢጨምር ዓሣ በዝቶ ሳይሆን ገዥ በዝቶ ነው። የፈረንጅ ቀመር ሁዳዴን ከየት ያውቃታል፤ የእኛው ሰው ሊነግረው ይገባል።

አስጋሪው አሳንሶ ሲናገር ሹሙ አብዝቶ ይናገራል። በዚህ ዓለምን ጉድ ያሰኘችው ቻይና ናት። በ2001 እ.ኤ.አ. ሬግ ዋትሰንና ዳንኤል ፖሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ቻይና የምትልከውን የባሕር ዓሣ ቁጥር ከባሕሩ አቅም ጋር ቢያመዛዝኑት ከመጠን በላይ የተጋነነ ሆኖ አገኙት። ምርት ጨመረ ብሎ የሚጽፈውም፣ ምርት ስለጨመረ የሚሾመውም አንድ ሰው ነበራ! ያ ቁጥር ከድምሩ ሲወጣ የዓለም የዓሣ ምርት እያደገ ሳይሆን ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ቀስ እያለ ሲወርድ የኖረ ሆኖ ተገኘ። አንድ አገር ሪፖርቱን ስላሳመረ የዓለም ባሕር ደኅና መስሎ ከረመ። ይህን ለመረዳት ግን ከአርብ ገበያ ቤጂንግ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የወረዳ ግምገማ የተቀመጠ ሰው በደንብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ወንዙ ሽቅብ እንውጣ፤ የእኔም ነገር ያለው እዚያ ነው። ከመረቡ አምልጦ ጉማራን የወጣ ነጭ ዓሣ የሚጠብቀው ብርብራ ነው። የዛፉ ፍሬ ይደርቅና ይወቀጣል፤ ዱቄቱን ከኩሬው ራስጌ ውሃው ላይ ይበትኑታል። ብርብራ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለው፤ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ወደ ላይ ይመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ በጎኑ ይገለበጣል። ትልልቁን በእጅ ለቀም ለቀም ነው። ጣት የማታክለዋን ማን ጎንበስ ይልላታል፤ እሷ ከነሆዷ ገንፍላ ከውሃው ጋር ትወርዳለች። የጥናት ሰዎቹም ለነጭ ዓሣው መመናመን ከወንዝ አፍ መረቦች ቀጥለው የሚያነሡት ይህንኑ ብርብራ ነው። ታዲያ ይህ ዓሣ በየትኛው መዝገብ ላይ ነው ያለው? ወደብ አልደረሰ፣ ሚዛን አልወጣ፣ ጀልባ የለው። ባሕር ዳር ላይ የሚደመረው ቶን ውስጥ አንድም ኪሎው የለም።

በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለ። የታረሰ ጤፍ በሄክታር፣ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር፣ የተተከለ ችግኝ በቁጥር ይጽፋል። ከዚያ ወረቀት ላይ ለሐምሌና ነሐሴ ሁለት መስመር ቢጨመርለት ምን ይከብዳል? በየትኛው ኩሬ፣ በየትኛው ሳምንት፣ በመረብ ነው በብርብራ፣ ስንት ጭነት ወጣ። ያን ሁሉ የሚያውቀው ደግሞ ብርብራውን የሚወቅጠው ሰው ራሱ ነው። ዓሣው ከየት ወዴት እንደሚወጣ፣ የትኛው ገባር ላይ እንደሚያርፍ ከአባቱ ጀምሮ ሲከታተለው ኖሯል።

ሰውየው ግን ለምን ይናገራል? በመርዝ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። «ትናንት ሁለት ኩንታል አወጣሁ» ያለ ሰው ቆጠራ አልሰጠም፣ ቃሉን ሰጠ። የቀበሌ ሰው መዝገብና ካቴና ባንድ እጁ ይዞ ቢመጣ የሚያገኘው መልስ «እኛ አገር ዓሣ የሚበላ የለም» የሚል ነው። በዚህ ላይ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። እነሱ መጀመሪያ ይከልከል፣ ከዚያ ይቆጠር ይላሉ። እኔ ብሆን ሁለት ክረምት ያለ ቅጣት ብቻ አስቆጥር ነበር፤ መዝጋቢውንም ከእዚያው ከጉማራ ዳር ከሚኖሩት ልጆች መርጬ፣ ዓይነቱን የሚለይበት የ15ቱን ሥዕል አስይዤው። በሁለት ክረምት ብርብራ ብዙ ይፈጃል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይፈጃል። ሳይቆጠር እስከ ዛሬ የፈጀውስ? ከሦስተኛው ክረምት ጀምሮ ግን ሕጉ የት ኩሬ ላይ፣ በየትኛው ሳምንት መቆም እንዳለበት ያውቃል፤ ዛሬ የሚቆመው ባልሆነ ቀን፣ ባልሆነ ቦታ ነው።