ግሉኮሱ ለማን ነበር?

አንባቢያችን ሆይ! እኛ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምሕንድስና የምንማር አራት ጓደኛሞች ነን። ትምህርት ቤታችን በ1979 ዓ.ም. ሲመሠረት የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የውኃን ጠባይ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም ብለን እንኮራ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያነሣሣን ግን ያ ኩራታችን የተሰበረበት ነገር ነው።

የተከራየናት ቤት ሴቻ ዳገት ላይ ናት። ከደጇ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት፥ በስተግራ ደፍራሹ አባያ፥ በስተቀኝ ጠራ ያለው ጫሞ፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ይታያል። የቤቱ ባለቤት እማማ የምንላቸው ባልቴት ነበሩ። ኪራይ ሲዘገይብን ፊታቸውን አያጠቍሩም፤ ፈተና ሲደርስ ቡና አፍልተው ይጠሩናል። ያደረባቸው ደዌ የማሕፀን በር ካንሰር ነበር። ይህ ካንሰር በአገራችን ሴቶችን በማጥቃት ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ሐኪሞቹ ሕመሙ መሠራጨቱን ነግረዋቸው፥ ለሥቃያቸው የሚዋጥ ሞርፊን ሰጥተው ወደ ቤታቸው አሰናበቷቸው።

እህል እንቢ ባላቸው ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ «ግሉኮስ ይተከልላቸው እንጂ! በረኃብ ይሙቱ?» አለ። እኛም ገንዘብ አዋጥተን ነርስ ይዘን መጣን። ነርሷ «አንዱ ይበቃል» ብላ ነበር፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለምነን ያስጨመርነው እኛው ነን። ከረጢቱ ከግድግዳው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ሲል ባየን ጊዜ ልባችን ዐረፈ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው!

በማግሥቱ ክንዳቸው እስከ ጣታቸው ድረስ አብጦ አገኘነው። መርፌው ከደም ሥሩ ወጥቶ ውኃው ሌሊቱን በሥጋቸው ውስጥ ሲፈስ አድሯል። እሳቸው ግን እንቅልፋችንን ላለማቋረጥ ዝም ብለዋል። በሌላው ክንድ አስተከልን። በሦስተኛው ቀን እግራቸው አበጠ፤ ትንፋሻቸውም ያጥራቸው ጀመር።

ነርሷ ተጠርታ መጥታ ከረጢቱን ዘጋችና አስቀምጣ አስተማረችን። እንዲህ ባለ ሕመም የደም ፕሮቲን ስለሚያንስ፥ የሚገባው ውኃ በደም ሥር አይቆይም፤ ወደ እግር፥ ወደ ሆድ፥ ወደ ሳንባ ይሰርጋል። መርፌው ራሱ ደም ሥሩን ያስቈጣል፤ ንጽሕናው ከጐደለም ተሕዋስያንን ወደ ደም ያስገባል። ግሉኮስ የምንለውም ምግብ አይደለም፤ ባለ 5 በመቶው በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ብቻ ነው።

ደም ሥር ሲጠፋ ሌላ መንገድ አለ። የጨው ውኃን በቀጭን መርፌ ከሆድ ወይም ከጭን ቆዳ ሥር፥ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል እያደረጉ መስጠት ይቻላል። በዚያ ጊዜ ቦታው ጥቂት ቢያብጥ አያስደነግጥም፤ ቢቀላ፥ ቢያም ወይም መግል ቢይዝ ግን መርፌው ወጥቶ ቦታው ይለወጣል።

ታዲያ ውኃ መስጠት ከቶ ክፉ ነው ወይ? አይደለም። ትውከት ወይም ተቅማጥ ውኃውን ለጨረሰበት፥ ገና ጕልበት ላለው ሕመምተኛ ሊጠቅም ይችላል። በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 129 የካንሰር ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፥ ለአንዱ ወገን በቀን 1 ሊትር፥ ለሌላው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ከቆዳ ሥር ተሰጥቷቸው ነበር። በስሜታቸውም ሆነ በዕድሜያቸው ርዝመት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

በክፍል ውስጥ ግድቡ ከሚችለው በላይ ውኃ ሲገባበት ምን ይሆናል ተብለን ብንጠየቅ፥ በቍጥር አስልተን እንመልሳለን። እማማ አልጋ አጠገብ ግን ይህ አልታሰበንም፤ ባዶ እጃችንን መቀመጥ ፈርተን ነበርና። ከረጢቱ የተሰቀለው ለሳቸው ሳይሆን ለኛ ፍርሃት ነበር።

ያን ለት ማታ እማማ ዐይናቸውን ገልጠው፥ «ልጆቼ፥ መርፌው ይቅርብኝ፤ አፌን ብቻ አርጥቡልኝ» አሉን። በንጹሕ ጥጥ ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን በተራ ስናረጥብ አደርን። ክንዳቸው እየቀለለ ሄደ። በአምስተኛው ቀን፥ ገና ጎህ ሲቀድ፥ እጃቸው በእጃችን እንዳለ ዐረፉ።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን በቤታቸው እየጐበኘ ይረዳል። በየወረዳው እንዲህ ያለ እጅ ቢኖር፥ ብዙ አስታማሚ ከኛ ስሕተት በዳነ ነበር። እስከዚያው ድረስ፥ አንባቢያችን ሆይ፥ የምትወደው ሰው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፥ «ግሉኮስ ይተከል» ከማለትህ በፊት ነርሷን «ምን ይጠቅመዋል? ምንስ ይጐዳዋል?» ብለህ ጠይቃት። ሕመምተኛውንም ጠይቀው። የሚሻው ምናልባት አንድ ማንኪያ ውኃና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይሆናል።