ለአባይ በረሃ የታዘዘ ፍሬን

ባሕር ዳር ሜዳ ባትሆን ኖሮ ከእኔ ዘመን ልጆች ብዙዎቻችን አንተርፍም ነበር። በ1970ዎቹ በሰዓት የምንከራየው ፊኒክስ ብስክሌት ደወል አለው፣ መስታወት አለው፣ ከኮርቻው ሥር የሚወዛወዝ ጌጥም አያጣም። ፍሬኑ ግን እንደ ዕድል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣስ ነበረው፤ በካቦ ሳይሆን በቀጭን የብረት ዘንግ የሚሳብ። እጀታውን ሲጨብጡት ዘንጉ ወደ ላይ ይሳብና ሁለት ላስቲኮች ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ይጫኑታል። ቸርኬው የሚያብረቀርቅ ብረት ስለሆነ ዝናብ ከነካው ላስቲኩ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ሐምሌ ላይ ፍሬን የያዘም ያልያዘም እኩል ነበር።

ዘንጉ የተጣመመ ቀን አከራዩ ፈትቶ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ፍሬናችን በረባሶ ነው። እግርን ከፔዳል አንስቶ ከፎርኬታው ሥር የፊተኛውን ጎማ በጫማ መርገጥ! ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ የብስክሌት ጎማ ሲፍቅ የሚወጣውን ሽታ የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ፈተናው የቤዛዊት ቁልቁለት ብቻ ነበር። እናቶቻችን ጫማው ከመሀሉ ለምን እንደሚበላ ሳይገባቸው አደግን።

ከእነዚያ ባለበረባሶዎች አንዱ ዛሬ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጋልቡት ፈረንጆች የአባይን በረሃ ወርደው ሲወጡ አይቶ፣ እኔስ ከጎሐ ጽዮን ደጀን ለምን አልሻገርም አለና በቁመቱ ልክ የሚሠራ የረጅም ጉዞ ብስክሌት አዘዘ። ሠሪው ገና ከጅምሩ፣ ቀለም እንኳ ሳይመረጥ፣ ፍሬኑ ምን ይሁን ብሎ ያዘው።

ሠሪው እውነት አለው። ፍሬኑ ሳይታወቅ ቧንቧ አይቆረጥም። ቸርኬ የሚጨብጠው ቪ ፍሬን ከሆነ የሚታሰርባቸው ጉጦች ፎርኬታው ላይ ቀድመው መበየድ አለባቸው። እጀታውም የእሱ መሆን አለበት፤ ቪ ፍሬን ብዙ ካቦ መሳብ ይፈልጋል፣ የቆልማማ መሪ እጀታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው የሚስበው። ዲስክ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ ሞዞው አጠገብ ስለሚያርፍ የፎርኬታው ግራ እግር መጠንከር አለበት። ጠንካራ ፎርኬታ የመንገዱን ጉድጓድ አንድ በአንድ ለክንድ ያቀብላል። ወዳጄ ወራት ተጨነቀበት። ዕቃ ተጭኖ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ፍሬን የሚፍቀው ቸርኬ ይግልና ካላማደሪያ ሊያፈነዳ ይችላል። የዲስክ ሙቀት ከጎማው ርቆ ይቀራል። በካቦ የሚሳብ ዲስክ መረጠ፤ ካቦ ቢበጠስ የትም ይገኛል ብሎ። የኋላውም ዕቃ መጫኛውን እንዳይነካ ከሁለቱ ቧንቧዎች መሀል እንዲገባ ተደረገ። የሚያስቀና ሥራ ነው፤ አልዋሽም።

ሄጄ ስጠይቀው ፍሬኑን ሲያስር ደረስኩ። ሁለቱን ብሎኖች ያላላል፣ እጀታውን ጨብጦ ይይዛል፣ እንደጨበጠ ብሎኖቹን ተራ በተራ ያጠብቃል፤ ፍሬኑ መሀሉን በራሱ ያገኛል። ዲስኩን ልዳስስ ስል እጄን መታኝ።

«ጣትህን አንሳ! ቅባት ይዞበት ይቀራል።»

«በረባሶህንም እንዲህ ትጠብቀው ነበር?»

አልሳቀም።

የሚጋልበው እሁድ እሁድ ነው፤ ከጆርጅታውን ተነስቶ በቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ መንገድ ነው። እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በዚያ ሁሉ ርቀት ከፍታው 200 ሜትር እንኳ አይጨምርም። ወዳጄ ደግሞ ጥቂት ሄዶ ለቡና ይመለሳል።

ባሕር ዳር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለብስክሌት የራሱ መስመር አለው። ይህን ስነግረው ደስ አለው፤ ስለ ድልድዩ ብዙ ጠየቀኝ። መቼ ትመጣለህ ስለው ግን ሁልጊዜ መልስ አለው። መጀመሪያ ጡረታ ስወጣ ነበር፤ ቀጥሎ ጉልበቴን ስታከም፤ አሁን መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። የመጨረሻውን አልከራከረውም።

ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ፍሬኑን በዘይት በሚሠራ ሊቀይረው ነው። የካቦው ለአባይ በረሃ አያስተማምንም ብለውታል።