የልጃችንን ክፍል እንዴት አስጌጥናት?



ቤት ማሳመር የሀብታም ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። የልጅ ክፍል የሚባለውን ነገር ደግሞ የትልቅ ከተማ ሰው ቅብጠት ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛም ከነዚሁ ነበርን። ዛሬ ግን መተማ ዮሐንስ ባለችው ቤታችን ውስጥ የልጃችንን ክፍል እንዴት እንዳስጌጥናት፣ መጀመሪያ የት ላይ እንደተሳሳትንና ስህተታችን ምን እንዳስከፈለን ልናወጋችሁ ወደድን። ቆላ ለምትኖሩ ወላጆች ሳይጠቅም አይቀርም፤ ደገኞችም ብትሆኑ ከጨዋታው ቁም ነገር አታጡበትም።

እንደሚታወቀው መተማ የጠረፍ ከተማ ናት። ድልድዩን ሲሻገሩ ገላባት፣ ሱዳን ነው። ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት ነው። አካባቢው ግን ከዚያም በፊት በጎንደርና በስናር መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ ማረፊያ፣ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ተነስተው ለሐጅ የሚጓዙት ተክሩሮች የሰፈሩበት ምድር ነበር። ስለዚህ እዚህ አገር እንግዳ የማያድርበት ቤት አይገኝም። የኛም ቤት ሁለት ክፍል ሲሆን አንዷ የኛ መኝታ፣ ሌላዋ የእንግዳ ነበረች። የሰሊጥ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የእንግዳዋ ክፍል ጆንያ ይደረደርባታል። ልጃችን የሚተኛው ከኛው ጋር፣ በክፍላችን ጥግ ላይ በተነጠፈለት ፍራሽ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ሞላው። ልጆችን በሰባት ዓመታቸው በሶላት እንድናዛቸው፣ አሥር ሲሆናቸው ደግሞ መኝታቸውን እንድንለያይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። እኛም ትንሽ መስገጃ ገዛንለት። ልጁ መስገጃውን ተቀብሎ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ፣ “እማዬ፣ የት ነው የማስቀምጠው?” ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልስ ግን አጣንለት። በቤታችን ውስጥ የሱ የሚባል አንድ ክንድ ቦታ እንኳ አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ተመካክረን የእንግዳዋን ክፍል ለሱ ለመስጠት ወሰንን።

ለዓይን የተሠራች ክፍል

በመጀመሪያው ሙከራችን ገንዘብ አላነሰንም፤ ያነሰን ማስተዋል ነበር። ግድግዳውን የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ዘይት ቀለም ቀባነው። አንበሳና ዝሆን የታተመበት ወፍራም መጋረጃ ገዝተን መስኮቱን ጋረድንበት። የፕላስቲክ አበባ፣ ትልቅ ቁም ሣጥን፣ ስፖንጅ ፍራሽ ያለው የብረት አልጋ አስገባን። ጎረቤት እየመጣ “ማሻአላህ!” ሲል ደስ አለን። እውነቱን ለመናገር ክፍሏን ያስጌጥናት ለልጁ ሳይሆን ለጎረቤት ነበር።

ልጁ ግን ሳምንት እንኳ አልቆየባትም። ሰሌኑን እየጎተተ ወደ ግቢ ወጣ። ቆላን ለማያውቅ ሰው ነገሩን እናስረዳ፦ እዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ የጋለ ቆርቆሮ ማታ ሙቀቱን ቁልቁል ይለቃል። ኮርኒስ በሌለውና መስኮቱ በተጋረደ ክፍል ውስጥ መተኛት እምድጃ ውስጥ እንደ መተኛት ነው። በመሆኑም የአገሩ ሰው ደጅ ማደር ለምዷል። እኛም ለምደን ስለነበር ልጁ ሲወጣ ዝም አልነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ወባ እንደሚበረታ እያወቅን፣ አጎበሩ ግቢ ውስጥ ማሰሪያ ስላላገኘ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ መቀመጡን እንኳ ልብ አላልነውም።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ልጃችን እየተንቀጠቀጠ ቀሰቀሰን። ሲነጋ ወስደን አስመረመርነው፤ ወባ ነበር። መድኃኒቱን ጀመረ፤ ቢሆንም በሁለተኛው ሌሊት ትኩሳቱ አይሎ ይቃዥ ጀመር። አንዳችን በረጠበ ጨርቅ ሰውነቱን ስንጠርግ፣ አንዳችን ከራስጌው ተቀምጠን ዱዓእ ስናደርግ ነጋ። ያችን ሌሊት አንረሳትም። ያ ሁሉ ያወጣንበት ክፍል ከጎናችን ባዶውን ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ማረልን፤ ልጁም ዳነ።

ሊጠይቁን ከመጡት ሰዎች አንዱ በእድሜ የገፉ አናጢ ጎረቤታችን ነበሩ። ክፍሏን ገብተው አዩና፣ “ልጆቼ፣ ይህቺን ክፍል ለዓይን ሠራችኋት እንጂ ለመኝታ አልሠራችኋትም። ልጁ ምን ያድርግ?” አሉን። ተቆጥተውን አልነበረም፤ ነገራቸው ግን ከቁጣ የባሰ ሆነብን።

መጀመሪያ ንፋስ

እንደገና ስንጀምር ሐጁ የነገሩንን ቅደም ተከተል ያዝን። የቆላ ቤት የመጀመሪያው ጌጥ ንፋስ ነው አሉን። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ አድርገን ሌላ ትንሽ መስኮት አስከፈትን፤ ንፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ አይንቀሳቀስምና። ሁለቱንም በወንፊት ሽቦ አስለበጥናቸው። ከቆርቆሮው ሥር ከተሰነጠቀ የቆላ ቀርከሃ ኮርኒስ ሠሩልን፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚጠራቀመው ሙቀት እንዲወጣም በሁለቱ ጠርዝ ክፍተት ተዉለት። የውጩን ግድግዳ ኖራ ቀባነው፤ ነጭ ነገር የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል። በምዕራብ በኩል፣ የከሰዓቷ ፀሐይ በምትመታው ጎን፣ ኒም ተከልን። ኒም በቆላ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ጥላው በግድግዳው ላይ ያርፋል።

አልጋና አጎበር

የብረት አልጋውን ሸጥነው። በምትኩ ሐጁ በገመድ የተጠላለፈ የእንጨት አልጋ ሠሩልን፤ ሱዳኖች አንገሬብ የሚሉት ነው፤ ደገኛው ጠፍር አልጋ ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ከሥሩ አየር ስለሚያስገባ ለሙቀት አገር የሚወዳደረው የለም። ሰሜን ሱዳን ውስጥ ከርማ በሚባለው ቦታ ከ3,500 ዓመት በላይ በሆናቸው መቃብሮች ውስጥ ሰዎች ከነአልጋቸው ተቀብረው መገኘታቸውን ስናስብ፣ ይህ አልጋ የሰነፍ ፈጠራ አለመሆኑ ይገባናል። ከላዩ ያገራችንን ጥጥ የሞላንበት ስስ ፍራሽ ዘረጋን፤ በየጊዜውም ፀሐይ እናስመታዋለን።

አጎበሩን ግን ልጁ ካልወደደው ይዞት እንደማይተኛ ስለገባን እንደ ጨዋታ አደረግነው። አራቱን ማዕዘን ከኮርኒሱ ጋር አሰርን፤ እናቱ ከአሮጌ ሻሽ በሰፋችው ባለቀለም ጥብጣብ ቀን ቀን በአንድ በኩል ተሰብስቦ ይታሰራል። ልጁ “ድንኳኔ” ይለዋል። ማታ ጫፉን ከፍራሹ ሥር የሚሸጉጠው ራሱ ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር የሚታጠበው በለስላሳ ሳሙና ሲሆን፣ የሚሰጣውም በጥላ እንጂ በፀሐይ አይደለም። በአግባቡ ከተያዘም እስከ 20 እጥበት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የመተማና የሑመራ ቆላ የካላዛር በሽታ ዋና መገኛ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ስለምታንስ በተራ ወንፊት ሽቦ ሾልካ ታልፋለች። ስለዚህ መስኮቱ ሽቦ አለው ብላችሁ በመድኃኒት የተነከረውን አጎበር አትተዉ። ስንጥቅ መሬትና የተሰነጠቀ ግድግዳም መደበቂያዋ ነው። በዚህ ምክንያት የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በምርጊት ደፈንን፤ ወለሉንም በሲሚንቶ ለሰንነው። ለሌላው ሰው ይህ ጥገና ነው፤ ለኛ ግን ጌጥ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመተኛታችን በፊት መኝታችንን በልብሳችን ጫፍ እንድናራግፍ፣ ከኛ በኋላ ምን እንደገባበት እንደማናውቅ አስተምረውናል። ጊንጥና እባብ ባለበት አገር የሚኖር ሰው የዚህን ሱና ጥቅም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ልጃችን ቢስሚላህ ብሎ ሳያራግፍ አይተኛም።

ግድግዳው የማን ነው?

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ማሳመሩ የገባነው። ሰማያዊውን ቀለም ፍቀን ማንሳቱን ግን አልመከሩንም። አንዳንድ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው ማዕድን ይገኝበታል፤ ሲፋቅም ብናኙ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። እኛ የገዛነው ከየትኛው እንደሆነ ስላላወቅን ሳንፍቀው በምርጊት ሸፈንነውና ከላዩ ነጭ ኖራ ቀባነው። ቀለም ስትገዙ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ጠይቁ።

ከነጩ ግድግዳ ላይ ምን ይሁን? አንበሳና ዝሆን ያለበትን መጋረጃ በተመለከተ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያጋጠማቸው ነገር ትዝ አለን። ምስል ያለበት መጋረጃ ሰቅለው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው ስላልወደዱት ቀደው ትራስ አደረጉት። እኛም አወረድነው፤ ቆራርጠን በጥጥ ሞልተን የወለል መደገፊያ ሠራንበት። በምትኩ ስስ ነጭ አቡጀዴ ሰቀልን፤ ንፋስ ያሳልፋል።

ለግድግዳው ጌጥ ግን ልጁን ራሱን አሠራነው። ሥራው ቀላል ነው፦ ከካርቶን አንድ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ቁረጡ፤ ያንኑ የሚያህል ሌላ ጨምሩና ማዕዘኑ የመጀመሪያው ጎን መካከል ላይ እንዲወጣ አዙራችሁ ደርቡት። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይወጣላችኋል። በስፔን ግራናዳ ያለውን የአልሐምራን ግድግዳ ያስጌጡት ሙስሊም ባለሙያዎች የተጠበቡት ከእንዲህ ያለ ቀላል ቅርጽ ተነስተው ነው። ልጃችን ቅርጹን በእርሳስ እየነደፈ በአረንጓዴ ቀለም ሞላው። አንዳንዱ ተጣሞበታል፤ እንዲታረም አልፈቀደም፤ እኛም አላረምነውም። ትልቁን ኮከብ የሣለው ቂብላን በሚያመለክተው ግድግዳ ላይ ነው። ከመተማ መካ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። መስገጃው ከዚያች ኮከብ ሥር ካለች ችካል ላይ ይሰቀላል። ከዓመት በፊት ላነሳው ጥያቄ መልሱን በገዛ እጁ አገኘ።

ከዚህም ሌላ አያቱ የሰፉት ሰፌድና ፊደል የጀመረበት ሉሕ ግድግዳው ላይ አሉ። ቁርኣኑ ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ የትምህርት ቤት ደብተሩ ከሥሩ፣ መጫወቻው በጣውላ ሣጥን ነው። ቁም ሣጥኑ ቦታ ስለያዘ ወጣ።

ሦስተኛው አልጋ

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ውስጥ ለባልና ለሚስት ከሚያስፈልገው አልጋ ቀጥሎ የሚመጣው የእንግዳ አልጋ እንደሆነ፣ ከፍላጎት በላይ የሆነው ግን የሸይጧን እንደሆነ ተነግሮናል። እኛ ክፍሏን ለልጁ ስንሰጥ የእንግዳን ቦታ የወሰድን ያህል ቅር ብሎን ነበር። ስለዚህ ሐጁን ለምነን ሁለተኛ አንገሬብ አሠራን፤ እንግዳ ሲመጣ ይዘረጋል፣ ሳይኖር በግድግዳ ይደገፋል።

ብዙም ሳይቆይ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። በመተማ በኩል የሚገባው ሰው በየቀኑ በዛ። ከገቡት መካከል አክስቱና የአክስቱ ልጅ ነበሩ። የአክስቱ ልጅ ከልጃችን በአንድ ዓመት ያንሳል። ልጃችን ክፍሉን ካገኘ ገና ጥቂት ወራቱ ነውና ያኮርፋል ብለን ፈርተን ነበር። እንደፈራነውም የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት አንድ ቃል ሳይናገር ዋለ።

ሲመሽ ሁለተኛውን አልጋ ከመስኮቱ ሥር ዘረጋን። እንግዳው ልጅ ግን መስኮቱን እያየ አልተኛም አለ። ምን እንደሆነ ብንጠይቀው አልመለሰም። አጥብቀን አልጠየቅነውም፤ ከካርቱም የመጣ ልጅ መስኮት ለምን እንደሚፈራ ለመገመት አያዳግትም። ያኔ ልጃችን ማንም ሳይነግረው ከአልጋው ተነሳ። አንሶላውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደና የእንግዳውን አልጋ በልብሱ ጫፍ አራገፈ፤ ከዚያም ተኛበት። “አንተ በኔ ድንኳን ተኛ” አለው። እኛ በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ ምንም ሳንናገር ፋኖሱን አጠፋን።

ዛሬ ልጃችን አሥር ዓመት አልፎታል። የአክስቱ ልጅ ከኛው ጋር ነው፤ ለሁለቱም የየራሳቸው አልጋ፣ የየራሳቸው አጎበር አላቸው። ግድግዳው ላይም የኮከቦቹ ቁጥር ጨምሯል፤ አዲሶቹ ቀይ ናቸው፤ እነሱም ተጣመዋል።

ወላጆች ሆይ! የልጅን ክፍል ለማስጌጥ ስትነሱ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት እዚያው ተኝታችሁ እደሩበት። ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ ጨለማውን ልጁ በሚያውቀው መጠን እወቁት። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ሁሉ ጥቂትም ቢሆን ጌጥ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ፣ ቤታችንንም የእንግዳ ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።